የኔታ የጻፉልኝ አስር ጥፋት

ክዳኑ ተከፍቶ የተረሳ ማርከር ሽታ ነው ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ መካነ ሰላም፣ ግማሽ ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩበት ትምህርት ቤት፣ ለእንግሊዝኛና ለጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዎች የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ሲሰጥ ሰንብቶ፣ በመዝጊያው ቀን ሰርተፍኬት እንዳድል ተጠራሁ። ጡረታ የወጣ መምህር የሚፈለገው ለሁለት ነገር ነው፤ ለቅሶ ቤት ወንበር ለመሙላትና ስብሰባ ላይ ሰርተፍኬት ለማደል። አሮጌ ኮቴን ደርቤ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ቀደም ብዬ ደረስኩና ከኋላ ወንበር ተሰጠኝ። ሠልጣኞቹ በአምስት በአምስት ሆነው ጠረጴዛ ከበዋል። አንዷ ልጅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር ትጽፋለች። ልጅ የምላት መምህርት ናት፤ ለእኔ ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሁሉ ልጅ ነው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወረቀቱም ፕሮጀክተሩም ከፊቴ ጠፉና፣ ጥፍር ቀለም ጥፍር ቀለም የሚሸት፣ ድሮ ጽሑፍ የምናባዛበት ስቴንስል ቀይ ማረሚያ በትንሽ ጠርሙስ ታየኝ። ከጠርሙሱ ጀርባ ደግሞ የኔታ ላቀው፣ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ታዩኝ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ሻይ በስሙኒ፣ ሽሮ ከነእንጀራው በአንድ ብር የሚገኝበት ጊዜ እንደነበር ነው። ከደሴ የሚነሳው አውቶቡስ በጉጉፍቱ ብርድ ተንቀጥቅጦ፣ የእኔን አገር አቀስታን አቋርጦ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሲደርስ መንገደኛው ሁሉ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ይወርዳል። እናት ልጇን የምትለየው በድምፁ ነበር። እኔ ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ነው። ጎፈሬዬ ውስጥ ሚዶ እሰካለሁ፣ እግሩ ሰፋ ያለ ቴትሮን ሱሪዬን ከፍራሼ ሥር ዘርግቼ ተኝቼበት እተኩሳለሁ። ከገበያው በላይ፣ ልብስ ሰፊው ያለበት በረንዳ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ዛሬ ሞባይል መሸጫ ሆናለች። እዚያች ሻይ ቤት ያን ዓመት አገሩን ሁሉ ያዳረሰ አንድ የፍቅር ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይጫወታል። ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት መሐሉ ላይ ይንሻፈፍ ነበርና እኔ ዛሬም ዘፈኑን ሳንጎራጉር እዚያች ቦታ ስደርስ ድምፄ ይንሻፈፋል። ባለቤቴ የዘፈኑ ዜማ እንደዚያ ይመስላት ስለነበር፣ ትክክለኛውን በሬዲዮ የሰማች ቀን ዘፋኙ ተሳሳተ አለች።

የኔታን ያወቅኩበት የያኔው ሥልጠና የተሰጠው ከጥምቀት በኋላ ባለው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነበር። አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ክፍልና አንድ ቴፕ ብቻ ስለነበረ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎችንና የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዎችን አንድ ላይ አጎሩን። አሠልጣኙ አቶ ደምሴ ከደሴ የመጡ ቀጭን፣ ሰዓት አክባሪ ሰው ነበሩ። ቴፑ ስድስት ባትሪ ይጎርሳል። ባትሪው ሲደክም እንግሊዝኛ የምታነብልን ሴትዮ ድምጿ እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄድና መጨረሻ ላይ የታመመ ሽማግሌ ትሆናለች። ያኔ አቶ ደምሴ ባትሪዎቹን አውጥተው መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል፤ እኛም ሴትዮዋ እስክትድን ሻይ እንጠጣለን። ትልቁ ነገር ግን የማስተማር ልምምዱ ነበር። እያንዳንዳችን ተራ በተራ ፊት ወጥተን እውነተኛ ተማሪዎችን እናስተምራለን፤ ጓደኞቻችን ደግሞ በስቴንስል በተባዛ ቅጽ ላይ ያዩትን ደግና ክፉ ይጽፋሉ። ዛሬ ልጆቹ ግብረ መልስ ይሉታል። ያኔ ስሙን ሳናውቀው እንፈራው ነበር።

የኔታ ላቀው ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ አንድ ደብር አስተማሪ ነበሩ። ጧት ጧት ለቤተ ክርስቲያኑ ተማሪዎች ዳዊት ያስደግማሉ፤ በተጨማሪም እዚያው ቅጥሩ ሥር ላሉት ጎልማሶች ፊደል ያስተምራሉ። ዕድሜያቸው ከሁላችንም ይበልጣል፤ አቶ ደምሴ ራሳቸው ጧት ሲገቡ ጎንበስ ብለው ነበር እጅ የሚነሷቸው። አንድ ቀን የሳምንቱ ቀናት የተሰመሩበት ሠንጠረዥ ታድሎን «የማስተማሪያ ቀናችሁን ሙሉ» ስንባል፣ የኔታ ሰኞና ማክሰኞውን ጥለው በዳር በኩል «በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሰንበት ሁሉ» ብለው ሞሉ።

«የኔታ» አሉ አቶ ደምሴ በአክብሮት፣ «ይህ እኮ የትምህርት ፕሮግራም ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። በሬ የሚፈታው ግን በዚያ ቀን ነው። በሬው ሳይፈታ ገበሬውን ከየት ላምጣው?»

አቶ ደምሴ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቅጹን እንዳለ ተቀበሉ። በሰርተፍኬቱ ጉዳይ ግን እንዲህ ዓይነት ምሕረት አልነበረም። ልምምዱን ያላለፈ ሰርተፍኬት አይሰጠውም፤ ሰርተፍኬት የሌለው አስተማሪ ያለበት የጎልማሶች ማስተማሪያ ጣቢያ ደግሞ ይዘጋል፣ ጠመኔውና መጽሐፉም ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞራል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ተነግሮናል። የየኔታ ጣቢያ ቢዘጋ ቀጥሎ ወዳለው ጣቢያ ለመድረስ ገደል ወርዶ ወንዝ መሻገር ስለነበረ፣ እነዚያ አርባ የሚሆኑ ገበሬዎችና የገበሬ ሚስቶች ነገሩ ያበቃላቸዋል። ለልምምዱ የኔታ ከእነዚህ ሦስቱን አስከትለው መጥተው ነበር። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ ሦስተኛዋ ወይዘሮ ዘነብ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ አንደበቷ የማያርፍ ሴት ናት። ለምን እንደምትማር ስጠይቃት አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። «መምሩ፣ ለማኅተም ቀለም ውስጥ ስነክራት፣ ስነክራት ሰማያዊ ሆና ልትቀር ነው። ስሜን በእጄ ሳልጽፍማ ዓይኔ አይከደንም» አለችኝ። ከመጣች ጀምሮ ሥልጠናውን የምታስበው እንደራሷ ፈተና ነበር።

አቶ ደምሴ ሁለት ሁለት አድርገው ሲያጣምሩን እኔና የኔታ አንድ ላይ ወጣን። እኔ የእሳቸውን አይቼ እጽፋለሁ፣ እሳቸው የእኔን። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ከክፍሉ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተለማመድን። የኔታ አንዱ ግንድ ላይ የራሳቸውን የፊደል ገበታ ሰቀሉ። ካርቶን ላይ በሙጫ የተለጠፈ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ለስንት ዓመት ስንቱን ያስተማሩበት ገበታ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያሉ ያንን ወፍራም የደብተራ ድምፃቸውን ለቀቁት። ሦስቱ ተማሪዎችም ዓይናቸውን ጨፍነው ተከተሏቸው። እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል። በዚያ በጥር ፀሐይ ዛፍ ተደግፌ ብሰማው እውል ነበር። ግን አስተማሪ ነኝና አየሁት። ከሀ እስከ ፐ ሲሄዱ አንዳቸውም ገበታውን አልተመለከቱም። ከዘፈን እንደማይለይ ገባኝ፤ ከመሐል አንዷን አውጥተህ ብትጠይቃቸው እንደማያውቋት ገባኝ።

ታዲያ ማን ደፍሮ ይናገራል? ጧት ጉልበታቸውን ስሜ የምገባ ልጅ፣ በትናንትናው የኮሌጅ ዲፕሎማዬ፣ የኔታን ላርም? ቅጹን አወጣሁና በየመስመሩ ስምንት ጊዜ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

«እንዴት ነው፣ ሙሉጌታ?» አሉኝ።

«ግሩም ነው፣ የኔታ። እንከን የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቆየት ብለው አዩኝ፤ እኔ ቅጹን እያጠፍኩ ነበር።

በማግስቱ የፈተናው ቀን ክፍሉ ሙሉ ነበር። የኔታ ጀመሩ፣ ተማሪዎቹ ተከተሉ፣ ሠልጣኙም በዜማው ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርሱ ልናጨበጭብ እጃችንን ስናነሳ አቶ ደምሴ ተነሱ። ማመላከቻ በትሩን ይዘው ወደ ገበታው ሄዱና ከመሐል አንዷን ፊደል ነኩ። «እትዬ፣ ይቺ ማናት?» አሏት ዘነብን። የነኳት «ዘ»ን ነበር። ዘነብ ፊደሏን አየች፣ የኔታን አየች፣ ከዚያ ጣቷን ገበታው አናት ላይ አስቀምጣ ከ«ሀ» ጀመረች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች በየመስመሩ ወረደች። መንገድ ላይ አንድ መስመር ዘለለችና የማይሆን ስም ጠራች። የሳተችው የገዛ ስሟ የሚጀምርበትን ፊደል ነው። ወንዶቹም እንደዚያው ሆኑ። አቶ ደምሴ በትሩን አስቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔታ፣ ቅዳሜ መዝጊያ ነው። እስከዚያ አንድ ዕድል እሰጥዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከእጄ ይወጣል» አሏቸው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ከክፍል ስንወጣ የኔታን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዘነብ አጠገባቸው ቆማለች፣ አገልግሏን በክንዷ አንጠልጥላ። ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ጠሩኝ።

«አይተኸው ነበር?»

«ምኑን፣ የኔታ?»

«ዓይናችንን ጨፍነን እንደምንቆጥር።»

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልቻልኩም። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አክብሬዎት ነው።»

«እንዲህ ነው የምታከብረኝ?» አሉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «እኔ አባይን ተሻግሬ ጎጃም ለጎጃም ቅኔ ስማር፣ የቆጠርኩትን፣ ያሰናዳሁትን ቅኔ በየኔታዬና በጓደኞቼ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። የተበላሸች እንደሆነ ከእኔ የሚያንሰውም ቢሆን ይነሳና እዚህ ላይ ወደቀች ይለኛል። ሰው ሁሉ ዝም ያለኝ ቀን ምሳዬ አይዋጥልኝም ነበር። ወይ አልሰሙኝም፣ ወይ ከሰው አልቆጠሩኝም እላለሁ። አንተ ሰምተኸኛል። እንግዲህ ከሰው አልቆጠርከኝም ማለት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ተምሬያለሁ የምል፣ ነቀፌታ የዘመናዊ ሰው ነገር፣ ዝምታ ደግሞ የአባቶች ወግ ነው ብዬ የማስብ ሞኝ ነበርኩ። ለካ ከመካከላችን በሰው ፊት መታረምን ለምዶ ያደገው እሳቸው ብቻ ኖረዋል።

«አብሽሩ የኔታ፣ አብሽሩ» አለች ዘነብ። «እኔስ ዓይኔን ገልጬ ብማር ምን ነበረበት? እሱንም አይቆጡት፤ ልጅ ነው።»

«ልጅ አይደለም፣ አስተማሪ ነው» አሉ። ከዚያ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። «በል አሁን ንገረኝ። አንድ ሳታስቀር።»

ነገርኳቸው። ፊደሉን በተራው እንጂ በመልኩ እንደማያውቁት፣ ከተራው ሲወጣ እንደሚጠፋባቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ የኔታ ምላጭ ጠየቁኝ። ለጎፈሬዬ ዳር ማስተካከያ የምይዛት ምላጭ ከኪሴ አልጠፋችም። ገበታቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ አማተቡ፣ ያንን ለስንት ዓመት ያስተማሩበትን ገበታ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ይቆርጡት ጀመር። «የኔታ!» ብዬ እጃቸውን ልይዝ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ ተውኩት። አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል ቆርጠው ሲጨርሱ ዘነብ ባዶ አገልግሏን ዘረጋች፤ ፊደሎቹ ውስጡ ገቡ። የኔታ አገልግሉን ግራና ቀኝ ናጡት። በዚያች ደቂቃ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደነበር ዛሬ ብናገር ቅር አይሰኙብኝም።

ዓርብን ሙሉ ስንለማመድ ዋልን። ቅዳሜ ጧት የኔታ ፊት ወጡና ከማስተማራቸው በፊት «ሙሉጌታ ይነሳ። ሐሙስ ያጠፋሁትን እሱ አይቶታል፤ ለሁላችሁም ይናገር» አሉ። ተነስቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የየኔታን ጥፋት ተናገርኩ። ሠልጣኙ እንደ ከሃዲ አየኝ። የኔታ ግን በየዐረፍተ ነገሩ «እውነት ነው፣ ቀጥል» ይላሉ። ከዚያ አገልግሉ ተከፈተና እያንዳንዱ ተማሪ እጁን ከትቶ ያወጣውን ፊደል እያየ ስሙን ጠራ። አንዳንዱን ሳቱ፤ አብዛኛውን አወቁ። አቶ ደምሴ እንደለመዱት ብድግ አሉና ዘነብን «ስምሽን ከውስጡ ልታወጪ ትችያለሽ?» አሏት። ይህን አልተለማመድነውም ነበር። ዘነብ አገልግሉን ወለሉ ላይ ዘረገፈችና ተንበርክካ ትፈልግ ጀመር። እያነሳች ታያለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላ ታነሳለች። የአቶ ደምሴ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል፤ የኔታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ግን ተገልጧል። መጀመሪያ «ብ»ን አገኘች። ከዚያ «ነ»ን። «ዘ» ከአንዱ ወንድ እግር ሥር ተደብቃ ቆይታ ስትወጣ ዘነብ ጮኸች። ሦስቱን በተራ ደርድራ፣ ራሷን አዘንብላ ተመለከተቻቸው።

«ይቺ ናት እኔ?» አለች። «ይቺው ናት? ምነው አነስኩ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምሴም ሳቁ፤ እየሳቁ የየኔታን ሰርተፍኬት ፈረሙ። ጣቢያው ሳይዘጋ ቀረ። ዘነብ ከዚያ ወዲያ ሳገኛት ሁሉ አውራ ጣቷን እያነሳች ታሳየኝ ነበር፣ ንጹሕ መሆኑን።

እዚህ ላይ ባበቃ ለእኔም መልካም ነበር፤ ጨዋታው ስለሌላ ሰው ጥፋት ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ የእኔ ተራ ደረሰ። ሱሪዬን በደንብ ተኝቼበታለሁ፣ ቴፑ አዲስ ባትሪ ጎርሷል፣ እንግሊዝኛዬ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ስለ ገበያ አስተማርኩ። እኔ ራሴ በራሴ እስክደነቅ ድረስ አስተማርኩ። ሲያልቅ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፤ በየቅጹም «ኤክሰለንት» ተብሎ ተጻፈልኝ። ሰው ሁሉ ሲበተን የኔታ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው ፊትና ጀርባው የተሞላ ወረቀት ሰጡኝ። ከላዩ ላይ «እንግሊዝኛውን አላውቀውም። ያስተማርከውን ግን አይቻለሁ» ይላል። ከሥሩ አስር ጥፋት ተቆጥሯል። አንደኛው ሰሌዳውን ታስተምራለህ፣ ሰዎቹ ከኋላህ ናቸው ይላል። ሌላው፣ ጠይቀህ ትንፋሽ ሳትወስድ ራስህ ትመልሳለህ። አንድ ሌላ ደግሞ፣ ከፊት ያሉትን ሦስት ልጆች ብቻ ታውቃለህ። አራተኛው ነው ያመመኝ፦ «ያ ሹራብ የለበሰው ሲሳሳት ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ አፉን አልከፈተም፤ አንተም አላየኸውም።»

ተናደድኩ። ከሁለት ቀን በፊት በድንጋዩ ላይ ያሉኝን ሁሉ ረሳሁት። አንድ ቃል እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው የእኔን እንግሊዝኛ? ወረቀቱን ልቀደው ሁለት እጄን አስተካክዬ ያዝኩት። ሰው ይመጣል ብዬ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩትና ሳልሰናበታቸው ሄድኩ። ሱሪው እንደተለመደው ፍራሽ ሥር ገባ፤ እኔም ከነወረቀቱ ሁለት ቀን ተኛሁበት። በሦስተኛው ቀን ሳወጣው ወረቀቱ ከሱሪው ጋር አብሮ ተተኩሷል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሹራብ የለበሰውን ልጅ ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ያ ነው እጅ ያሰጠኝ። ከወረቀቱ መጨረሻ፣ በንዴት ያላነበብኩት አንድ መስመር ነበር፦ «አሥራ አንደኛ አላገኘሁም። ሌላ ቀን መጥቼ እፈልጋለሁ።»

መጡም። በገበያ ቀን ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ የሱፍ ባናቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ክፍሌ ይገቡና ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይነሱላቸው ነበር፤ ኋላ ለመዷቸው። ከማስተምረው አንድ ቃል ሳይገባቸው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ያያሉ። ከዚያ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ፣ ያ ካሴት እየተንሻፈፈ፣ ሻይ እየጠጣን ጥፋቴን ይነግሩኛል። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ሁለት ብቻ ነው» ይሉና በጣም እኮራለሁ። ጉልበታቸው ሲደክም እኔ እሄድላቸው ጀመር፤ ያኔ ደግሞ እኔ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጬ የእሳቸውን ሳይ እውላለሁ። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲያ በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ተመስግኛለሁ፣ ተሸልሜያለሁ፣ ጡረታ ስወጣም ጋቢ ለብሻለሁ። ጥፋቴን መጥቶ የሚፈልግልኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ፣ ያቺ በማርከር ስትጽፍ የነበረችው ልጅ ተራዋ ደርሶ የማስተማር ልምምዷን አቀረበች። ሰናይት ትባላለች፤ የወግዲ ልጅ ናት፣ እዚሁ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ። ለልምምዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ተጠርተውላታል። ጥሩ ናት። መሐል ላይ መብራት ሄዶ ፕሮጀክተሩ ድርግም ሲል አልደነገጠችም፤ ሥዕሉን በጠመኔ ስላ ቀጠለች። እኔ ግን ዓይኔን ከመስኮቱ ሥር ካለች አንዲት ተማሪ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ እጇን አወጣች። ሦስት ጊዜም ሰናይት ከፊት ለተቀመጡት ሰጠች። በአራተኛው ልጅቷ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ ከዚያ ወዲያ አላወጣችውም።

ሲያልቅ ጭብጨባ ሆነ። «ኤክሰለንት!» አለ አንዱ። «የሚጨመር የለውም» አለች ሌላዋ። ወጣቱ አሠልጣኝ ቅጽና እስክሪፕቶ አመጣልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎም አንድ የሚያበረታታ ነገር ይጻፉላት» አለኝ። ሰናይት ከሩቅ ታየኛለች፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ደስ ብሏት። «ጎበዝ ነሽ» ብል ማን ይጠላኛል? እስክሪፕቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ለዕድሜ የተተወልኝ አንድ ነገር መወደድ ነው፣ እሱንም ልጣው? አልኩ። ከዚያ አራት ጥፋት ጻፍኩ። የመስኮቷን ልጅ መጀመሪያ አደረግኋት። ከሥሩ «አምስተኛ አላገኘሁም። ሌላ ቀን መጥቼ እፈልጋለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

አነበበችው። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት፤ ጆሮዋ ቀላ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመችና እኔ ልትቀደው ነው አልኩ። አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰርተፍኬቷን ሳቀብላት እጄን ጨበጠች እንጂ ቀና ብላ አላየችኝም። ሌሎቹ ከእኔ ጋር ፎቶ ሲነሱ እሷ የለችም። ለምን አርፌ አልተቀመጥኩም፣ ልጅቷን በደስታዋ ቀን አሳዘንኳት እያልኩ ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የፈጠነ ኮቴ ሰማሁ። ሰናይት ናት። ከፊቴ ቆመች፣ ፊቷ እንደጠቆረ ነው፣ ቦርሳዋን በብብቷ አጥብቃ ይዛለች።

«ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አለኝ» አለችኝ። «ዘጠነኛ ቢ። ከኋላ ወንበር አኖርልዎታለሁ።»